አጭሯ ገለባ፦ «ዕጣው ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ እንግሊዝኛ ፈሊጣዊ አነጋገር አንድ ነገር ይንገሩን፤ ግን እንደ ክፍል ትምህርት አያርዝሙብን» ብሎኛል። ከምሳ በኋላ የሚናገር ሰው ሊሰማው የሚገባ ምክር ነው። ስለዚህ ብዙ ፈሊጥ ከመደርደር አንዱን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። የመጥፎ ዕድል ፈሊጥ ነው፤ «ቱ ድሮው ዘ ሾርት ስትሮው» ይሉታል። ቃል በቃል ስናየው «አጭሯን ገለባ መምዘዝ» ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ሰዎች አሉ እንበል፤ ማንም የማይወደው አንድ ሥራ አለ። ሌሊት ዘብ መቆም ሊሆን ይችላል፣ መጥፎ ዜና ለአለቃ ማድረስም ሊሆን ይችላል። አንዱ ሰው አምስት ገለባ ያዘጋጃል፤ አራቱ እኩል ረጃጅም፣ አንዷ አጭር። ጫፋቸውን አስተካክሎ፣ ቀሪውን በመዳፉ ሸፍኖ ይይዛል። እያንዳንዱ አንድ አንድ ይመዛል። አጭሯ የደረሰችው ሰው ያንን ሥራ ይሠራል፤ አለቀ። ገለባ ከጠፋ የክብሪት እንጨትም ይሆናል።

ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህን ሲል ገለባ የሚባል ነገር በአካባቢው ላይኖር ይችላል። በበዓል ቀን ተረኛ የሆነ ነርስ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንዲይዝ የተመደበ ሠራተኛ፣ ለእንግዶች መኪና ስለሚነዳ ቢራ የማይጠጣ ወንድም «አጭሯን መዘዝኩ» ይላል። ልብ በሉ፤ ፈሊጡ ለመልካም ነገር አይውልም። ሎተሪ የወጣለት ሰው አጭሯን መዘዘ አይባልም፤ «ረጅሟን መዘዝኩ» ብሎ የሚፎክርም አይሰማም። ረጅሟን የመዘዘ ሰው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

አሁን ትንሽ ወደ መምህርነቴ ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህን ፈሊጥ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚያደባልቀው ሰው ብዙ ነው። «ሾርት ኢንድ ኦቭ ዘ ስቲክ» የሚባል አለ፤ የዱላው አጭር ጫፍ ማለት ነው። ትርጉሙ ግን ስለ ዕጣ አይደለም፤ በውል፣ በክፍፍል ወይም በንግድ የተጎዳ፣ ድርሻው ያነሰበት፣ የተበደለ ሰውን ይመለከታል። «ሮንግ ኢንድ ኦቭ ዘ ስቲክ» ደግሞ ከናካቴው ሌላ ነው፤ ነገሩን አዛብቶ የተረዳ ሰው ነው። አንዷን ቃል መቀየር አንድን ሰው ከዕድለ ቢስነት ወደ ተበዳይነት፣ ከተበዳይነት ወደ ነገር ያልገባው ሰውነት ትወስደዋለች ማለት ነው።

ሌላም ጥንድ አለ። በብሪታንያ ጨዋታ የተሸነፈን ሰው «ሃርድ ላክ» ቢሉት ማጽናኛ ነው፤ የኛ «አይዞህ፣ ለሚቀጥለው» እንደማለት ነው። «ታፍ ላክ» ብትሉት ግን ብዙውን ጊዜ «ምን ላድርግህ፣ ቻለው» የሚል ቅዝቃዜ አለበት። በመዝገበ ቃላት ሁለቱም «መጥፎ ዕድል» ናቸው። በሰው ጆሮ ግን አንዱ ትከሻ ላይ እጅ መጣል ነው፣ ሌላው በር መዝጋት። ለውጭ አገር ባልደረባ ኢሜይል የምትጽፉ ሁሉ ይህቺን ልዩነት ብትይዟት ትጠቅማችኋለች።

እሺ፤ በአማርኛ እንዴት እንበለው? «አጭሯን ገለባ መዘዘ» ብለን ብንተረጉመው አንባቢው ስለ እርሻ የምናወራ ይመስለዋል። ደግነቱ አማርኛችን ገለባ አያስፈልገውም፤ አንዲት ፊደል ትበቃዋለች። «ዕጣው ወጣልኝ» እና «ዕጣው ወጣብኝ» እንላለን። በ«ል» ከሆነ ደስታ ነው፣ በ«ብ» ከሆነ መከራ። እንግሊዝኛ ሙሉ ፈሊጥ ገንብቶ የሚናገረውን እኛ ግሱ ውስጥ አስገብተነዋል። «ዘነበልን»ና «ዘነበብን»፣ «ፈረደለት»ና «ፈረደበት» ስንል የምንሠራውን ሥራ ነው እዚህም የምንሠራው። ስለዚህ ተማሪ «ሂ ድሩው ዘ ሾርት ስትሮው» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢመጣበት «ዕጣው ወጣበት» ብሎ ቢተረጉም ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

ታዲያ ሁለቱ ቋንቋዎች ዕጣን የሚያስታውሱበት ቦታ ይለያያል። እኛ ዕጣ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን እቁብ ነው፣ ሎተሪ ነው፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ነው፤ «ወጣልህ ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅበት። ቅርጫም አለ። በሬው ይታረድና ሥጋው በመደብ በመደብ ይደለደላል፤ ከጉበቱም፣ ከሽንጡም፣ ከአጥንቱም ለየመደቡ እንዲደርስ ይደረጋል። ከዚያ እያንዳንዱ ባለድርሻ አንድ ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ቅጠል። የማን ምልክት የቱ እንደሆነ ያላየ ሰው ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። የደለደለው ሰው የቱ መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ አስተካክሎ ከመደልደል ሌላ አማራጭ የለውም። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው። የፍልስፍና ክፍል መምህራን ከመጻሕፍት የሚያስተምሩትን የፍትሕ ሐሳብ ሰፈራችን በበዓል ዋዜማ በሥጋ ይሠራበታል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። «አጭሯን መዘዘ» የሚለው ፈሊጥ መጥፎ ዕድልን ብቻ አይናገርም፤ ስለ አሠራሩም በውስጠ ታዋቂ ይመሰክራል። ሁሉም እጁን ከትቷል ይላል። ለሁሉም እኩል ዕድል ነበረው ይላል። ገለባውን የያዘው ሰው አላጭበረበረም ይላል። ስለዚህ አንድን ሰው «አጭሯን መዘዘ» ስንል «የሚወቀስ የለም» እያልን ነው።

መቼም የሂሳብ ክፍል ሰዎች እዚህ ስላላችሁ አንዲት ነገር ላንሳ። «ቀድሞ የመዘዘ ይጠቀማል ወይስ ኋላ የመዘዘ?» የሚል ክርክር ሁልጊዜ አለ። ማንም አይጠቀምም። ከአምስት ገለባ የመጀመሪያው ሰው አጭሯን የማግኘት ዕድሉ ከ5 አንድ ነው። ሁለተኛው አጭሯን እንዲያገኝ መጀመሪያ ያኛው ረጅም መምዘዝ አለበት፤ ይህ ከ5 አራት ነው። ከዚያ ከቀሩት 4 አንዷን መምዘዝ አለበት። ሁለቱን ስታባዙት ተመልሶ ከ5 አንድ ይሆናል። እስከ አምስተኛው ድረስ እንዲሁ ነው። ወረፋው ምንም አይለውጥም፤ ሁሉን የሚለውጠው ገለባውን የያዘው እጅ ነው።

ይህ እጅ ምን ያህል እንደሚከብድ የባሕር ታሪክ ያሳየናል። ኤሴክስ የምትባል የአሜሪካ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1820 በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ በአንድ ዓሣ ነባሪ ተመትታ ሰጠመች። ሄርማን ሜልቪል በ1851 ላሳተመው «ሞቢ ዲክ» መነሻ ከሆኑት ታሪኮች አንዱ ይህ ነው። መርከበኞቹ በትናንሽ ጀልባዎች ለወራት ተንከራተቱ። ምግብ ሲያልቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1821 መጀመሪያ፣ በካፒቴን ፖላርድ ጀልባ የቀሩት አራት ሰዎች ሌሎቹ ይኖሩ ዘንድ አንዱ እንዲሞት ዕጣ ተጣጣሉ። ዕጣው የካፒቴኑ የሥጋ ዘመድ በሆነው በወጣቱ ኦወን ኮፊን ላይ ወጣ። ዘግናኝ ነው። ግን አራቱም፣ ካፒቴኑ ጭምር፣ እጃቸውን ከትተው ነበር።

ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1884፣ ሚኞኔት የምትባል የእንግሊዝ ጀልባ ወደ አውስትራሊያ ስትጓዝ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሰጠመች። አራት ሰዎች በትንሽ ጀልባ ተረፉ። ካፒቴኑ ቶም ደድሊ፣ ኤድዊን ስቲቨንስ፣ ኤድመንድ ብሩክስ እና የ17 ዓመቱ የመርከብ ልጅ ሪቻርድ ፓርከር ነበሩ። የሕግ ተማሪ የነበራችሁ ጉዳዩን ሳትሰሙት አትቀሩም። ዕጣ እንጣል የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ አልተጣለም። ልጁ የባሕር ውኃ ጠጥቶ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ሚስትና ልጆችም አልነበሩትም። ደድሊ በስቲቨንስ ስምምነት ገደለው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በአካባቢው ስታልፍ የነበረች መርከብ ሦስቱን አዳነቻቸው።

ደድሊና ስቲቨንስ እንግሊዝ አገር ሲደርሱ ተከሰሱ። ፍርድ ቤቱ «ችግር ስላስገደደን ነው» የሚለውን መከላከያ አልተቀበለም። ሞት ተፈረደባቸው፤ በኋላ ግን በምሕረት ወደ 6 ወር እስራት ተለወጠላቸው። ዳኞቹን ካሳሰባቸው ነገር አንዱ ይህ ነበር፦ የአንዱ ነፍስ ከሌላው ታንሳለች ብሎ የሚመዝነው ማነው? የተመረጠው ከሁሉ ታናሹ፣ ከሁሉ ደካማው፣ ሊከራከር የማይችለው ነበር።

አሁን ልጠይቃችሁ። ሪቻርድ ፓርከር «አጭሯን ገለባ መዘዘ» ይባላል? አይባልም። ገለባ አልቀረበለትም። ኦወን ኮፊን መዘዘ፤ ፓርከር ተመረጠ። ሁለቱም ሞተዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን የሕግ፣ የሥነ ምግባርና የቋንቋ ልዩነት ነው። ሰነፍ ቋንቋ ሁለቱንም «ዕድለ ቢሶች» ብሎ በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል።

ዕጣ መጣሉም ብቻውን አይበቃም፤ ለዚህ ደግሞ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 አሜሪካ ለቬትናም ጦርነት ወጣቶችን ለመመልመል ዕጣ አወጣች። 366 የልደት ቀኖች በትናንሽ የፕላስቲክ ብልቃጦች ተከተው በትልቅ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ተጨመሩ። በቴሌቪዥን እየታየ አንድ በአንድ ወጡ። ቀድሞ የወጣ ቀን ቀድሞ ይዘምታል። መጀመሪያ የወጣው መስከረም 14 ነበር፤ በዚያ ቀን የተወለዱ ወጣቶች ቁጥር 1 ሆኑ።

ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር የለም ትላላችሁ። የስታቲስቲክስ ሰዎች ውጤቱን ሲያዩት ግን አንድ ነገር ታያቸው፤ በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት ከሚገባው በላይ ቀድመው ወጥተዋል። በኋላ ጥሪው የደረሰው እስከ ቁጥር 195 ነበር። ከታኅሣሥ 31 ቀኖች መካከል 26ቱ ከዚያ ቁጥር በታች ወደቁ፤ በትክክል ቢቀላቀል ኖሮ የሚጠበቀው 16 ወይም 17 አካባቢ ነበር። ብልቃጦቹ የተጨመሩት ከጥር ጀምሮ በየወሩ ተራ ነበር፤ በደንብ አልተማሰሉም። ማንም ተንኮል አልሠራም፤ ማማሰል ተረሳ እንጂ። በሚቀጥለው ዓመት ለቀኑ አንድ፣ ለቁጥሩ ሌላ በርሜል ተዘጋጅቶ ስህተቱ ታረመ። በመጀመሪያው ዙር የሄደውን የታኅሣሥ ልጅ ግን የሚመልሰው የለም። «አጭሯን መዘዘ» ቢሉት፣ አዎ መዝዟል፤ ነገር ግን ገለባው ወደ እሱ ያዘነበለ ነበር።

በአገራችንም ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። አዲስ የተመረቁ ሐኪሞች የሥራ ቦታቸውን በዕጣ ያወቁበት ዘመን እንደነበር እዚህ ያላችሁ ሐኪሞች ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ፣ በኮምፒውተር የወጣ ቢሆንም፣ መረጃው ላይ ችግር ተገኝቶበት ተሰርዟል፤ በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጥቷል። ኮምፒውተርም ገለባ የያዘ እጅ ነው ማለት ነው። እጁ ምን እንደያዘ መታየት አለበት።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አነሣሁት? ምክንያቱም በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየትምህርት ክፍላችን «ዕጣው ሆኖበት ነው» የምትል አረፍተ ነገር በጣም ትመቸናለች። አዲስ የተቀጠረችው መምህርት ብዙ ተማሪ ያለበትን ክፍል ሁልጊዜ ትይዛለች፤ «ምን ይደረግ፣ ዕድሏ ነው» እንላለን። የቀኑ መጨረሻ ክፍለ ጊዜ ሁሌም ለአንድ ሰው ይደርሳል። የሩቁ የመስክ ሥራ አለቃውን ለማያውቀው ይወድቃል። ማንም ገለባ አልያዘም፤ ማንም አልመዘዘም። አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ወሰነ። ውሳኔ ነውር አይደለም፤ አለቃ የሚሾመው እንዲወስን ነው። ውሳኔን «ዕጣ» ብሎ መጥራት ግን ሰውየውን ሁለት ጊዜ መጉዳት ነው። አንደኛ ሸክሙ አለበት፤ ሁለተኛ አቤት የሚልበት ቦታ ያጣል። በዕድል ላይ ማን ይግባኝ ይላል?

ስለዚህ እንደ ቋንቋ መምህር የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። «አጭሯን መዘዘ» ወይም «ዕጣው ወጣበት» ከማለታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ።

አንደኛ፤ ሁሉም እጁን ከትቷል? አለቃው፣ የአለቃው ወዳጅ፣ ነባሩ ሰው ጭምር? ካልከተቱ ዕጣ አልነበረም፤ ምደባ ነበር። ምደባ እንበለው፤ ምክንያቱም ይነገር።

ሁለተኛ፤ ገለባውን የያዘው ማነው፣ ሲቀላቅል ታይቷል ወይ? በቅርጫው ሥርዓት የደለደለ ሰው የራሱን መደብ አይመርጥም። የኮርስ ክፍፍልም፣ የኮሚቴ ሥራም፣ የመኝታ ክፍል ድልድልም እንዲሁ ሊሠራ ይችላል። ወጪ የለውም።

ሦስተኛውና ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህ ነው፤ ረጅሟን የመዘዙት ምን አደረጉ? አጭሯን የመዘዘው ሰው የሚሠራው የራሱን ሥራ አይደለም፤ የሁላችንን ሥራ ነው። ሌሊት ዘብ ሲቆም እኛ ተኝተናል። ባለዕጣው ሐኪም መንገድ ወደሌለበት ጤና ጣቢያ ሲሄድ ሌሎቻችን ከተማ ቀርተናል። ዕጣው ፍትሐዊ ቢሆን እንኳ ዕዳው አይሰረዝም። ቢያንስ ስልክ መደወል አለ፤ ሲመለስ ቦታ መልቀቅ አለ፤ በሚቀጥለው ዙር «አንተ ዕረፍ፣ የኔ ተራ ነው» ማለት አለ።

ይህ አዳራሽ በአብዛኛው ረጅሟን በመዘዙ ሰዎች የተሞላ ነው። አብረውን ተፈትነው፣ አብረውን ተመርቀው፣ ዛሬ ከሩቅ ጣቢያቸው መምጣት ያልቻሉ፣ መዋጮ ስላልተመቻቸው ያፈሩ፣ በኑሮ የደከሙ የክፍል ጓደኞች አሉን። እንግሊዝኛው በኑሮ የወደቀን ሰው «ዳውን ኦን ሂዝ ላክ» ይለዋል፤ ዕድሉ ቀንሶ ነው፣ ሰውየው ግን ሰው ነው የሚል ትሕትና አለበት። የማኅበሩ የአባላት መዝገብ ውስጥ ስማቸው አለ። ዛሬ ከመለያየታችን በፊት እያንዳንዳችን አንድ አንድ ስም ብንወስድና በዚህ ሳምንት ብንደውል፣ «ታፍ ላክ» ከማለት ወደ «አይዞህ፣ አይዞሽ» እንሻገራለን።

 ኮሚቴውንም አላረዘምኩባችሁም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የሚቀጥለው ተናጋሪ እንዴት እንደተመረጠ ግን አልነገሩኝም፤ በዕጣ ከሆነ፣ ወጣለት ይሁን ወጣበት እሱ ይንገራችሁ።